ዙሌማና ውሃ የማይችለው ቅዱስ

ያን ሰሞን ዙሌማ ቀና ብላ ሰማይ ስታይ፣ ሰው ሁሉ እንደ እሱ ዝናብ የምትለምን ይመስለው ነበር። እኔ ግን አያቷ ነኝ፤ ከንፈሯን አያለሁ። ልጅቷ የምትለምነው እንዳይዘንብ ነበር። ወዲያው በገዛ ሐሳቧ ደንግጣ ታማትብና እንዲዘንብ ትለምናለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ እንዳይዘንብ። ሰው ሁለት የሚጣሉ ነገሮችን በአንድ አፍ ሲለምን ምን ያህል እንደሚከሳ በእሷ አየሁ። በዘጠኝ ቀን ቀበቶዋ ሁለት ቀዳዳ ገባ።

ዙሌማ የልጄ የአፖሊናር የመጀመሪያ ልጅ ናት፤ ዘንድሮ ሠላሳ ስድስት ሞላት። አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ የፓትስኳሮ ሐይቅ ከጸሎት ቤታችን በታች ካለው ግንብ ጋር ይላተም ነበር። እየሸሸ እየሸሸ ሄዶ፣ አሁን ውሃውን ለማየት በተሰነጣጠቀ ጭቃ ላይ ግማሽ ሰዓት መራመድ ነው። የቀረችውንም የአቮካዶ ባለእርሻዎች በቦቴ ይቀዷታል። አፖሊናር መረቡን ግድግዳ ላይ ሰቀለና ለሰው አቮካዶ ሊለቅም ሄደ። ዙሌማ ያን ጊዜ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። መረቡን አወረደች፣ የበቆሎ ገለባ ጠቀጠቀችበት፣ ዓሣ ሠራች፤ ጥጃ የሚያህል።

እናቷ አየችና፣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ጥጃ ነው ዓሣ?» አለቻት።

«ዓሣ ነው።»

«እንዲህ ያለ ወፍራም ዓሣ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አጥማጅ ስለሌለ ነው የወፈረው።»

አባቷ ሰምቶ ሳቀ። ከዚያ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ብቻውን ብዙ ቆመ።

ሞሬሊያ ከተማ ሄዳ አራት ዓመት ቅርጻ ቅርጽ ተማረች። ስትመለስ ባል ታመጣለች ወይም የመንግሥት ሥራ ትይዛለች ብለን ነበር፤ እሷ ግን ጆንያ ይዛ የደረቀውን የሐይቅ ወለል መዞር ጀመረች። የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የተቀደደ መረብ፣ አሮጌ ጎማ ትለቅማለች። ከግንበኞች ደጃፍ የሲሚንቶ ከረጢት ትሰበስባለች። ከዚያ ደግሞ የአያቶቻችንን ሥራ ፈልጋ አገኘች። በቆሎ ከታጨደ በኋላ አገዳውን ጨረቃ ስትጎድል ይቆርጡታል፣ ይልጡታል፤ ውስጡ ያለውን ነጭና ለስላሳ ነገር አድርቀው ይፈጩታል። ባሉጥ ዛፍ ላይ ከሚበቅል አበባ ሥር በሚወጣ ሙጫ ያቦኩታል። ከእሱ የተሠራ ምስል፣ ሰው ቢያክልም፣ አንዲት ሴት በብብቷ ይዛው ትሄዳለች። ዙሌማ ይህን ሥራ ከአንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ጠይቃ፣ እያበላሸች፣ እንደገና እየጀመረች ተማረችው። አጥንቱን ከመረብና ከጠርሙስ፣ ቆዳውን ከወረቀት፣ ሥጋውን ከበቆሎ ታደርገዋለች። የአበባው ሥር ጫካው ስለተመነጠረ እምብዛም አይገኝም፤ እሷም ንፋስ ከጣለው ቅርንጫፍ ካልሆነ በቀር አትነቅልም። ሙጫው እንዲበረክት የቁልቋል ቅጠል ልጋግ ትቀላቅልበታለች።

ከጎማ የሠራችውን የሐይቃችንን እንሽላሊት የከተማ ሰዎች አዳራሽ ውስጥ አቁመው እየዞሩ አዩት። እኛ መንደር ግን ስሟ «ጠርሙስ» ነበር። «ጠርሙስ፣ ለእኔም ባል ሥሪልኝ እንጂ፣ የማይጠጣ!» ይሏታል ሴቶቹ። እሷም፣ «ከጠርሙስ ተሠርቶ የማይጠጣ ከየት ላምጣልሽ?» ትላቸዋለች።

ካቻምና የገበሬዎቹ ቅዱስ፣ የቅዱስ ኢሲድሮ ምስል፣ ለበዓሉ ሊወለውሉት ሲያነሡት ጉልበቱ እንደ ብስኩት ፈረሰ። ከእንጨት ነበር፤ ምስጥ ውስጥ ውስጡን ጨርሶታል። ጉባኤው ተሰብስቦ ምን ይደረግ ሲባል ዙሌማ ተነሥታ «እኔ እሠራዋለሁ» አለች። የዓመቱ የቅዱሱ ባለአደራ ታታ ፊደንሲዮ፣ «አባባ» እንደ ማለት ነው፣ ጠጉሩ የነጣ ደረቅ ገበሬ፣ «ከምን? ከቆሻሻ?» ብሎ ጠየቃት። «ከበቆሎ፣ ታታ» አለችው። በቆሎ ቆሻሻ ነው የሚል ሰው እኛ ዘንድ አልተወለደም።

ባለፈው ዓመት ለበዓሉ አደረሰችው። ፊቱን የማንንም አላስመሰለችውም፤ ግን ሁሉም የአጎቱን አፍንጫ አገኘበት። የእንጨቱን ስምንት ወንዶች ያቃስቱበት ነበር። አዲሱን አራት ሴቶች እየሣቁ አወጡት። ጎረቤታችን ናና ኤውላሊያ፣ «እማማ» እንደ ማለት ነው፣ ከፊት በኩል ይዛ፣ «ኧረ ይሄማ ከባሌ ይቀላል! ባሌን ስንቴ ከመጠጥ ቤት ተሸክሜ አምጥቻለሁ!» ስትል ባሏ እንኳ ኮፍያውን አውልቆ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዙሌማን «ጠርሙስ» የሚላት ጠፋ።

ዘንድሮ ግንቦት አለቀ። የቅዱሱ በዓል ርችት ተተኮሰ፣ በገለባ የተጠቀለለ የበቆሎ ታማል ተበላ፣ ጠብታ ግን የለም። ሰኔም ተጋመሰ። ዘሩ በጆንያ እንደታሰረ ነው። ወጣቶቹ ወደ ሰሜን የሚሄድ አውቶቡስ ሰዓት መጠያየቅ ጀመሩ። በአንድ እሑድ ጉባኤው ተጠራና ታታ ፊደንሲዮ ተነሣ።

«ቅዱሱ ይውጣ» አለ። «እኛ እዚህ ስንነድ እሱ ጥላ ውስጥ አበባ ተደርድሮለት ቆሞ ምን ቸገረው? ሜዳ ይቁም። ይቅመሰው። ዝናብ ሰውነቱን እስኪነካው ወደ ቤቱ አይመለስም። አባቶቻችን እንዲህ ነበር የሚያደርጉት።»

ሰው ሁሉ «እውነት ነው! ይውጣ!» አለ።

ዙሌማ ከእኔ ጎን ነበረች። እጇን ያዝኩት። ይህ ልማድ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት ነው። እሷ አልተወለደችም፤ ብዙዎቹም ረስተውት ነበር። እኔ ግን አልረሳሁም። በቆሎ ውሃ እንደማይችልም አውቃለሁ። ያን ጊዜ «እኔ እሠራዋለሁ» ስትል ይህን ብነግራት ሥራውን ትተወዋለች ብዬ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ዝምታ ነቀዘ።

ተነሣች። «ታታ ፊደንሲዮ፣ ይህኛው የእንጨት አይደለም።»

«እናውቃለን፣ ልጄ።»

«ውሃ አይችልም።»

ከኋላ አንዱ፣ «የዝናብ ቅዱስ ውሃ አይችልም? ዓሣ ዋና አይችልም በይኛ!» አለና ሳቁ ፈነዳ። ታታ ፊደንሲዮ አልሳቀም። ክፉ ሰው አይደለም።

«ምን ይሆናል?» አላት።

«ይሟሟል። እንደ ቶርቲያ ሊጥ።»

አሁን የሚስቅ አልነበረም። አንዲት ሴት፣ «ቅዱሱ ዓይናችን እያየ ቢሟሟ ምን ምልክት ነው?» አለች። ሁሉም ያን አሰበ። እኔም አሰብኩ። ምልክቱን ያመጣችው ማን ናት ሊባል ነው? ከዚያ ወዲያ በዚህ መንደር ማን ደጁን ይከፍትላታል?

«ቢፈርስ አንቺን አንወቅስሽም» አለ ታታ ፊደንሲዮ።

«ዛሬ አትወቅሱኝም» አለች ዙሌማ።

ሐሙስ ይውጣ ተባለ። ሦስቱን ቀን ሰም እያቀለጠች ቅዱሱን ከራሱ እስከ እግሩ ቀባችው፤ ውሃ እንዲያንሸራትትለት። እኔ ከሰሉን አራግብላት ነበር። «ይበቃዋል?» ብላት፣ «ለጤዛ ይበቃዋል፣ ናና ኬሪ» አለችኝ። በእኛ ቋንቋ ታላቅ እናት ማለት ነው፤ ከልጅነቷ እንዲህ ነው የምትጠራኝ። «ለሰኔ ዝናብ አላውቅም።»

ሐሙስ ሴቶቹ ተሸክመው አወጡት፣ በታታ ፊደንሲዮ ማሳ መካከል ድንጋይ ላይ አቆሙት። ዓርብ ደህና ዋለ። ቅዳሜ ቀትር ላይ የናና ኤውላሊያ ጩኸት ተሰማ።

«ላብ! ቅዱሱ አላበው! ኑ እዩ!»

ሮጥን። እውነትም ከግንባሩ ጠብ ጠብ የሚል ነገር በጉንጩ ይወርዳል። ሴቶቹ ተንበረከኩ፤ አንዳንዶቹ አለቀሱ። «ጭንቃችን ገባው! የእኛ ሙቀት ገባው!» ይላሉ። ዙሌማ ብቻ ቆማ ቀረች። ፊቷ እንደ ኖራ ነጥቷል። ጠብታውን በጣቷ ነካችና አሸተተችው። ሰም ነበር። ፀሐይዋ ያን የሦስት ቀን ሥራ እያወረደችው ነው።

ወደ እኔ መጥታ በጆሮዬ፣ «ራቁቱን ቀረ» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥሩ አልተነሣችም። ቅዱሱን ቀንና ሌሊት የሚጠብቁት ሰዎች በተራ ይቀያየራሉ፤ እሷን የሚቀይራት የለም። ምሳ ሳመጣላት ቶርቲያውን፣ የበቆሎ ቂጣችንን፣ ጠቅልላ ትይዝና መብላቱን ትረሳዋለች። ባቄላው በክርኗ ይወርዳል። እሑድ ከጎኗ ተቀመጥኩ።

«ናና ኬሪ፣ ዝናብ አይዝነብ የሚል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«የፈራ ሰው።»

«ወንድሜ ዘር ይዞ ተቀምጧል። እኔ ለወረቀትና ለሙጫ አለቅሳለሁ።»

ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም። «ልጄ፣ ይህ ልማድ እንዳለ አውቅ ነበር» አልኳት።

ዞራ አየችኝ።

«ብትነግሩኝ ኖሮ አልሠራውም ነበር።»

«ለዚህ ነው ያልነገርኩሽ።»

የያዘችውን ቶርቲያ ለሁለት ቆረሰችና ግማሹን ሰጠችኝ። በላን።

ሰኞ ጠዋት ከተራራው በስተጀርባ ጥቁር ደመና ብቅ አለ። ሰዎች በደስታ እየተጠራሩ ሲወጡ ዙሌማ ወደ ቤት ሮጠች። ጎተራ ገብታ ስታተራምስ ሰማኋት። የሟቹን ባለቤቴን የዘንባባ ገሳ፣ እንደ ጣራ ክዳን ተደራርቦ የተሰፋውን፣ አቧራውን እያራገፈች ይዛ ወጣች። ተከትያት ሄድኩ። በቀጥታ ታታ ፊደንሲዮ ፊት ቆመች።

«ይህን ላልብሰው።»

ሽማግሌው ገሳውን አየ፣ ቅዱሱን አየ። «ዝናብ ስጠን ብለን አውጥተነው፣ ዝናብ እንዳይነካው ገሳ እናልብሰው? ሊስቅብን ነው እኮ!»

«ታታ፣ እርስዎ ገሳ የሚለብሱት መቼ ነው?»

«ሊዘንብ ሲል ነዋ።»

«ሰማዩ ገና ሳይለይለት ገሳ ይዞ ከቤቱ የሚወጣ ገበሬስ?»

«ዕብድ ነው» አለ አንዱ ወጣት።

«ወይም ዝናቡ እንደሚመጣ ያወቀ ነው» አለች ዙሌማ። «ቅዱሱም ገበሬ ነው። ገሳውን ይልበስና ደመናው ይየው።»

ናና ኤውላሊያ፣ «እሷስ እውነቷን ነው። እኔ ልብስ አጥቤ ሳሰጣ ነው ሁልጊዜ የሚዘንበው፤ ሰማይ ዝግጅት ይወዳል» አለች። ይህ ከምኑ ጋር እንደሚያያዝ አልገባኝም፤ ሰው ግን ራሱን ነቀነቀ።

ታታ ፊደንሲዮ ጣቱን ከኮፍያው ሥር አስገብቶ ራሱን አከከ። «ይልበስ። ግን ውሃ ሳይነካው ቤቱ አይገባም። ይህ ቃል ነው፤ አሥር ጊዜ አባታችን ሆይ እስኪባል የሰውነቱ አንድ ቦታ ገላጣ ሆኖ ዝናብ ላይ መቆም አለበት። ትከሻው ይሁን።»

«ትከሻው ከተነካ ውሃው ወደ ደረቱ ይወርዳል» አለች። «እጁ ይሁን። ቀኝ እጁ።»

ያን እጅ እኔ አውቀዋለሁ። ከሌላው ሰውነቱ ሁሉ ይበልጥ የደከመችበት እሱ ነው። የአውራ ጣቱ ጥፍር የተሰነጠቀ፣ መዳፉ ውስጥ የዶማ እጀታ ያወጣው ጠባሳ ያለበት የገበሬ እጅ። አንድ ጊዜ ጨርሳው፣ ጨብጣው ስትቀመጥ አይቻለሁ፤ እንደ ሰው እጅ።

«ቀኝ ይሁን» አለ ሽማግሌው።

ደመናው ያን ቀን አለፈ። ማክሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ግን ነፋስ ድንገት ዞረ፤ ከሐይቁ ወለል አቧራ ተነሣ፤ ከዚያ አንድ ጠብታ ከእግሬ ፊት ወደቀ፣ የሳንቲም ያህል። ሌላ። ሌላ። ከዚያ ወረደ!

ሰው አበደ። አፉን ከፍቶ ቀና ያለ አለ፤ የተቃቀፈ አለ፤ የናና ኤውላሊያ ባል ጭቃው ላይ ተንከባለለ፤ ሳይጠጣ። ዙሌማ ብቻ ወደ ቅዱሱ ሮጠች። ገሳውን በአንገቱ ላይ አጥብቃ አሰረች፣ የቅዱሱን ኮፍያ ዝቅ አደረገች፣ የገሳውን ጠርዝ ወደ ውጭ ገልብጣ ውሃው ከእግሩ እንዲርቅ አደረገች። ከዚያ ቀኝ እጁን በገሳው ስንጥቅ ሳብ አድርጋ ለዝናቡ ሰጠችው።

ታታ ፊደንሲዮ አባታችን ሆይን ጀመረ። ሁላችንም ተከተልን። እኔ በጣቶቼ እቆጥር ነበር። በሦስተኛው ቀለሙ ወረደ፤ ቡናማ ውሃ ከጣቶቹ ጫፍ ይንጠባጠባል። በአምስተኛው ጣቶቹ አበጡ። በስድስተኛው አውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ጎነበሰና ወደቀ። ያን ጊዜ ጸሎቱ ተበጠሰ።

«እጁ! እጁ ረገፈ!»

«ትቶናል! ወይኔ፣ ትቶናል!» አለች ያችው ምልክት የፈራችው ሴት፤ ልጇን ወደ ጉያዋ ሳበች። ሰዎች ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመሩ። አንዳንዱ ቅዱሱን አላየም፤ ዙሌማን ነው ያየው። እሷ ከእጁ ሥር የሁለት እጆቿን መዳፍ ዘርግታ የሚወርደውን ሊጥ ትቀበላለች።

ታታ ፊደንሲዮ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቀጠለ፤ ጥቂቶች ብቻ ተከተሉት። ሰባት። ስምንት። የእጁ ጀርባ ቆዳ ተልጦ ተንጠለጠለ፤ ከሥሩ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ወጣ። ቀይ ጽሑፍ አለበት። እኔ ፊደል የለየሁት በስተርጅና ነው፤ የተጻፈ ነገር ካየሁ ሳላነብ ማለፍ አልችልም፤ የማነበውም ድምፄን አውጥቼ ነው። ጠጋ ብዬ አነበብኩ።

«በ... ደረቅ... ቦታ... ይቀመጥ።»

መጀመሪያ በሳቅ የፈነዳችው ናና ኤውላሊያ ናት። ሆዷን ይዛ፣ «በደረቅ ቦታ! አይ ቅዱስ! ይሄን ይዘህ ነው አምስት ቀን ዝም ያልከው!» አለች። ከዚያ ባሏ፣ ከዚያ ወጣቶቹ፤ ያች ልጇን የደበቀችው ሴት እንኳ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ወደ ኋላ ያፈገፈጉት ተመለሱ።

ታታ ፊደንሲዮ ሳቁን ሲታገል ቆይቶ ጢሙን አበሰ። «ስንት ላይ ነበርን?» አለ።

«አሥር» አለች ዙሌማ ወዲያው።

ስምንት ነበር። ሁለት ጣቶቼ ገና አልታጠፉም። አጠፍኳቸው።

ሽማግሌው አያት፤ በመዳፏ የያዘችውን ሊጥ አየ። «አሥር ከሆነ አሥር ነው። አንሡ!»

አራቱ ሴቶች እያዳለጣቸው ወደ ጸሎት ቤት ይዘውት ሮጡ። ዙሌማ ገሳውን ፈትታ ገለጠችው። በጣቷ መገጣጠሚያ ደረቱን አንኳኳች፤ ጆሮዋን ለጥፋ አዳመጠች። የደረቀ ቅል ድምፅ ሰጠ። ሆዱንም፣ ሁለቱን እግሮቹንም። ቀኝ ክንዱን ስታንኳኳ ግን ምንም አልጮኸም፤ እርጥብ መሬት የመታች ያህል። ውሃው በክንዱ ውስጥ ወደ ላይ እየወጣ ነበር።

«ቢላ» አለች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለ ታታ ፊደንሲዮ።

«ወደ ትከሻው ሳይደርስ መቁረጥ አለብኝ። ካደረ ደረቱ ይገባል። ከዚያ ይሻግታል።»

ቅዱስ እንዴት ይቆረጣል? በመጨረሻ ናና ኤውላሊያ ዳቦ የሚቆረጥበትን ቢላ ከማዕድ ቤት አመጣችና እጀታውን ወደ ዙሌማ አዙራ ሰጠቻት። እኔ ክንዱን ደግፌ ያዝኩ። ከክርኑ በላይ ቆረጠችው። መረቡ ላይ ሲደርስ ቢላው ያዘ፤ ጥርሷን ነክሳ ገፋችው። የረጠበ ሊጥ ሸተተን። የተቆረጠው ክንድ እጄ ላይ ሲወድቅ እንደ ሕፃን ከበደኝ።

ታታ ፊደንሲዮ ጠጋ ብሎ ጉቶውን አየ። «መቼ ትሠሪለታለሽ?»

«በቆሎው ሲታጨድ። ጨረቃዋ ስትጎድል።»

«የትኛው በቆሎ?»

«አሁን የምትዘሩት።»

ሽማግሌው በሩ ላይ ቆሞ ወደ ማሳው አየ። «እንግዲያው ልሂድ፤ መሬቱ እርጥበቱን ሳይጨርስ» አለና ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ። ሌሎቹም እየሮጡ ተከተሉት፤ ሁሉም ቤት ዘር እየጠበቀ ነበር።

ሁለታችን ቀረን። ዙሌማ ቢላውን በቀሚሷ ጠርጋ አስቀመጠችና ጉቶውን አንኳኳች። ደረቅ ድምፅ ሰጠ። ትከሻውን አንኳኳች። እሱም ደረቅ ነው። ብብቱ ሥር አንኳኳች፤ ድምፁ ደረቅ ይሁን እርጥብ አልለይ ሲላት እንደገና አንኳኳች።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ዝም በሉኝ፣ ናና ኬሪ» አለችኝ፣ ጆሮዋን ሳታነሣ።